ቁልፉን ሰጥቼ

ባለፈው ክረምት እኔና ባለቤቴ ለሁለት ወር ተኩል ከአገር ወጥተን ነበር። ሜሪላንድ ያለችው ልጃችን ልትወልድ ስለሆነ እናቷ ልታርሳት፣ እኔ ደግሞ (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ) ሻንጣ ልሸከም ነው የሄድነው። የቤቴል ቤታችን እንግዲህ ባዶውን ሊከርም ሆነ። መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ቤት ዘግቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ውሻ አለ። የሚሞላ ሮቶ አለ። የዕድር ወርኃዊ አለ፤ ሰፈር ውስጥ ሰው ቢሞት ድንኳን ገብቶ «የእነ እገሌ ቤት ነኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማታ ማታ መብራት የሚያበራ።

ሰው ለማግኘት ብዙ አልተቸገርንም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያስተማርኩት አንድ ልጅ አለ፤ ዛሬም ድረስ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል። ዓምና አግብቶ ወደ ዓለም ባንክ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ነገሩን ሳነሳለት ከአፌ ቀማኝ። «ጋሼ፣ ያልወጣነውን የጫጉላ ሽርሽር በእናንተ ቤት እንወጣዋለን» አለኝ።

የበሩን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረከብኩ። ባለቤቴ እንዲያውም ከእኔ ባሰች፤ ሙሽሪትን ጓዳ ወስዳ የጥሎሽ ወርቋን ያስቀመጠችበትን ቦታ አሳየቻት። «እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ይቺን ይዘሽ ውጪ» ብላ። እኔ ደግሞ የመምህር ነገር አይለቅምና ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። ውሃ የሚመጣበት ፈረቃ፣ የመብራት ካርድ አሞላል፣ የዕድሩ ቀን፣ ውሻው ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር እንደሚገባና ማባበል እንጂ መቆጣት እንደማይገባ ሁሉ አለበት።

ልንሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረን፣ ባለቤቴ ከተኛች በኋላ፣ በካልሲዬ ሳሎን ገባሁ። ሪሞቱን አነሳሁና ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ከኔትፍሊክሱ ወጣሁ። ሒሳቡን ዘጋሁት ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሉን ያላወቀ አይገባም።

ለምን?

በመጀመሪያ ነገሩ ቤታችን እንዴት እንደገባ ልናገር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በአንድ ጊዜ ከ130 በላይ አዳዲስ አገሮች ሲገባ እኛም ከእነዚያ መካከል ነበርን። ገባ ይባል እንጂ በብር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው በምኑ ይክፈል? እኛ ቤት የመጣው እንደ ስኳር መድኃኒቴና እንደ ጫማዬ ነው፤ ከልጄ ነው። ለብዙ ጊዜ የእሷን ሒሳብ ስንጋራ ኖርን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ግን ኩባንያው አሜሪካ ላሉ ደንበኞቹ አንድ ሒሳብ አንድ ቤት አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ ነው፣ ከቤት ውጭ ላለ ሰው በወር 7 ዶላር ከ99 ሳንቲም ጨምሩ አለ። ልጄም ለእኛ ለብቻችን ከፈተችልን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ 100ን ሲያልፍ፣ እኔ በየወሩ ማባዛት ጀመርኩ። «አባባ፣ አታባዛ» ብላ ተቆጣችኝ።

እንግዲህ የዘጋሁት የልጄን ገንዘብ ላለማባከን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴም አላመነኝም። አንድ ቴሌቪዥን ሁለት ሰው አየው ስድስት ሰው አየው ሒሳቡ ያው ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ኔትፍሊክስ የማይረሳ ነገር ነው። ገና ሲከፈት፣ ጀምረህ ያልጨረስከውን ሁሉ ከፊት ደርድሮ፣ የት ላይ እንዳቆምክ ከሥሩ በቀይ መስመር ያሳያል። የእኔ ቀይ መስመር ያለው አንድ የቱርክ ተከታታይ ፊልም ላይ ነው። ክፍል 27።

ይሄ ምን ያሳፍራል የሚል ይኖራል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምርና የጥበብ ሰዎቻችን ተቃውሞ ሲያሰሙ፣ እኔም እንደዚህ ባለ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ሜሎድራማ የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። ቤቴን የምተውለት ልጅ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዓመት በፊት ክፍሌ ቁጭ ብሎ ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ፣ በትራጄዲና በእንባ ማስፈሰሻ መካከል ያለውን ልዩነት ከእኔ የተማረ ነው። (ዛሬ ሳስበው በአንዲት መሐረብ የተነሳ ሚስቱን የሚገድል ሰው ታሪክ ለቱርኮቹ ቢሰጣቸው 120 ክፍል ያወጡለት ነበር።) ወርቁን ቢያይ ግድ የለኝም። ክፍል 27ን ግን እንዳያይ።

አሜሪካ ሳለን በየእሑዱ ይደውሉልን ነበር። ውሻው ደህና ነው፤ ሮቶው ሞልቷል፤ ሁለት ለቅሶ ደርሰናል። ስለ ቴሌቪዥን አንድም ቃል አልተነሳም፤ እኔም ረስቼው የልጅ ልጄን አቅፌ በስልኬ 28ኛውን አየሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ተመለስን። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ ነው የጠበቁን። ቤቱ እኛ ከተውነው ይልቅ ጸድቷል። ሳሎን ስገባ ግን ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ቀረ። ቴሌቪዥኑ ከላይ እስከ ታች ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁ ታጥቦ ተተኩሷል።

«አቧራ እንዳይገባው ብለን ነው» አለች ሙሽሪት። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ለመነሳት ሞከረችና ባሏ ያዛት። ሆዷን ያየሁት ያኔ ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ እኛ በሄድን በአራተኛው ሳምንት ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሺ ብሏት፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ እዚያ ሶፋ ላይ ተኝታ ነው የከረመችው። ባሏ ጠዋት ሥራ ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ፊት ለፊቷ ያ ነጭ ጨርቅ። ውጭ ዝናብ።

«ታዲያ ቴሌቪዥን አታዩም ነበር?»

ልጁ ሳቅ አለ። «የመጀመሪያ ቀን ማታ ከፈትነው። የይለፍ ቃል ጠየቀን። እንግዲህ ጋሼ ቢፈልጉ ኖሮ ይጽፉልን ነበር አልን።»

«አትደውልም እንዴ!»

«ለዚህ ብሎ አሜሪካ ይደወላል?»

ሲናገር ቅሬታ የለበትም፤ የባሰው እሱ ነው። ዲሹ በነፋስ ከተንጋደደ ዓመት አልፎታል፤ ዩቲዩብ ግን የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይከፈትላቸው ነበር። አልነኩትም። ይሉኝታ ይሄኛው ቁልፍ ያኛው ቁልፍ ብሎ አይለይም። ሦስቱን ገጽ አንብቧል፤ ውሻው ነጎድጓድ እንደሚፈራ የጻፈ ሰው ስለ ቴሌቪዥን ዝም ካለ ዝምታው ትርጉም አለው ብሎ ፈታው። ሰምና ወርቅ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ምን ልበለው? ቤቴል ማለት የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበት ስፍራ። እኔም ለእንግዶቼ ድንጋዩን አዘጋጅቼላቸው ሄድኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰዓት ለውጡ ነው አልኩ እንጂ የኮልፌው ሣጥን ነው የመጣብኝ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ኮልፌ እኔ ባደግኩበት መንደር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻም ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። አራት እግር ያለው፣ መዝጊያ ያለው፣ በቁልፍ የሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ በላዩ ዳንቴል አለ። ቁልፉን እትዬ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስሩታል። የአባባ ተስፋዬ የልጆች ሰዓት ሲደርስ መስኮቱ ሥር እንሰለፋለን። ደስ ያላቸው ቀን መጋረጃውን ይገልጡልናል። ደስ ካላላቸው ደግሞ ሣጥኑ አይከፈትም።

አንድ ታኅሣሥ እትዬ ለገብርኤል ቁልቢ ወረዱና የወንድማቸውን ልጅ ቤት ጠባቂ አድርገው ተዉ። እኛ ጮቤ ረገጥን። ልጅቷ ግን በሰዓቱ መጋረጃውን አልገለጠችም። ወጥታ መጣችና ደረጃው ላይ ከእኛ ጋር ቁጭ አለች። የጓዳው፣ የዱቄቱ፣ የቅቤው ሁሉ ቁልፍ ወገቧ ላይ ይንሿሿል። «ቆልፈውት ነው የሄዱት» አለችን፤ እንዳናያት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ። እኛ ምን አለብን፣ ለመስኮት ለምደናል። እሷ ናት የተዋረደችው። ያን ዕለት እትዬን ምን ያህል እንደጠላኋቸው አስታውሳለሁ። አሁን ሳስበው፣ ሣጥኑ ውስጥ እሳቸውም የሚደብቁት ነገር ነበራቸው ይሆን?

በማግሥቱ ነገሩን ለልጄ በስልክ ስነግራት ሳቋ ሊያቆም አልቻለም። ለካ በአንድ ሒሳብ ውስጥ እስከ አምስት ሰው ለየብቻው ገጽ መክፈት ይችላል፤ የአንዱን ታሪክ ሌላው ገጽ ላይ አያሳይም። የራሴንም በአራት ቁጥር መቆለፍ እችል ነበር። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ! ለምን አልጠየቅከኝም?» ብጠይቃት ምን እንደምደብቅ ልነግራት ነዋ። ደግሞ ጨመረችልኝ፤ በኩባንያው ደንብ ሒሳቡ የሚገባው እዚያ ቤት አብረው ለሚኖሩት አይደል? ያን ክረምት ቤቴል ማን ነበር የሚኖረው?

ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ሰምታለች። «ክፍል 27ን ነው የደበቅከው?» አለች። «እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ እሰማሃለሁ።»

ልጅቷ ኅዳር ላይ በሰላም ተገላገለች። ባለፈው ቅዳሜ ሕፃኑን ይዘው መጡ። ወንዶቹ ቡና እስኪፈላ ቁጭ እንዳልን ሪሞቱን አነሳሁና አቀበልኳት። የይለፍ ቃሉንም ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ የባለቤቴ ስምና የተጋባንበት ዓመት ነው። ለእነሱ አዲስ ገጽ ከፍቼ ነበር፤ እሷ ግን ሕፃኑን እያጠባች በአንድ እጇ የእኔን ተጭና ገባች። የተደረደረው ወጣ። ቀይ መስመሩም።

ተማሪዬ ስኒውን ትክ ብሎ ያያል።

«እንዴ፣ ይቺን እኔም ልጀምራት ፈልጌ ነበር» አለች። «ጋሼ፣ 28ኛው ላይ ነው ያቆሙት?»

«የለም» አልኳት፤ «28ትን ጨርሻለሁ።»