ቅጂና ዝምድና

በመረጃ ቋት ሥራ አንድ መረጃ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። እንደ ፋይልሜከር ባሉት ሶፍትዌሮች አንደኛው መንገድ መቅዳት ነው፤ በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ ያለው መለያ ሲገጥም ስሙ ወይም ዋጋው ከዚያኛው ተወስዶ እዚህኛው ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንጩ ቢለወጥም ቅጂው እንደተጻፈ ይኖራል። ሁለተኛው ማዛመድ ነው፤ የሚጻፍ ነገር የለም፣ ምንጩ ባለበት ሆኖ ከሩቅ ይታያል እንጂ። ምንጩ ሲለወጥ የሚታየውም አብሮ ይለወጣል።

ለባንክ ሠራተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ከሳንቲም የነበረው አንድ ዶላር በዕለቱ ከ74 ብር በላይ ሆነ። በሰኔ የተከፈለ የሐዋላ ደረሰኝ ከተመን ሠንጠረዡ ጋር ተዛምዶ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ሲከፈት ያልተከፈለ ገንዘብ ተከፈለ ብሎ በመሰከረ ነበር። ስለዚህ የዕለቱ ተመን ይቀዳል። የደንበኛው ስልክ ቁጥር ግን በአምስት ቦታ ተቀድቶ ከተቀመጠ፣ ባለቤቱ ቁጥሩን በለወጠ ቀን አንዱ ታርሞ አራቱ ይዋሻሉ። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የድግግሞሽ ጣጣ ነበር። ያለፈው ይቀዳል፤ ያለው ይዛመዳል።

ለመቅዳትም ሆነ ለማዛመድ ግን ሁለቱ መዝገቦች የአንድ ሰው መሆናቸው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ስምን መለያ ብናደርግ ደግሞ ፊደላችን ይፈታተነናል። ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ፤ የመጀመሪያው ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ለጆሮ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተር 12 ስም ነው። ወደ ላቲን ፊደል ሲሻገርማ ልክ የለውም።

አንዲት እናት ልጃቸው ከቤይሩት የላከችላቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ መስኮቴ ፊት ቆመው ነበር። የአባታቸው ስም በሐዋላው ላይ አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያቸው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። «እማማ፣ ልጅዎ ደውላ ስሙን ታስተካክል» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሷ እስከ ማታ የሰው ቤት ሥራ ላይ ናት፤ የምትደውለውም እመቤቲቱ ስትፈቅድላት ነው። ደግሞስ የገዛ አባቴን ስም ሳትጠፋኝ ማን ነሽ ትለኛለህ?» አሉኝ። እኔ አውቄያቸዋለሁ፤ መዝገቡ ግን አላወቃቸውም። በዚያ ቀን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አሐዝ ያለው ቁጥር መስጠቱ ለዚህ ዓይነቱ ችግር መልካም መድኃኒት ነው። ቁጥር የፊደል ዘር አያምታታውም። ቢሆንም የእማማ ጥያቄ ከቁጥሩም ወዲያ አብሮኝ ይኖራል።

የአባት ስም ራሱ ምንድን ነው? ከወላጅ መዝገብ ወደ ልጅ መዝገብ አንድ ጊዜ የተቀዳ ቃል ነው። አባት ያረጃል፣ ይሰደዳል፣ ያልፋል፤ በልጁ ስም ላይ ያረፈው ቅጂ ግን አይነቀነቅም። የሚያሳዝነው የቅጹ ጥበት ነው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ብቻ ይይዛልና በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ሲገባ አንዱ ከኋላ ይወድቃል። ሽማግሌዎቻችን ጋብቻ ሲጠየቁ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት በቅጹ ላይ የቀረውን አይደለም። ከቅጹ የወደቁትን አራቱን የሚያውቃቸው፣ ተቀምጦ የጠየቀና የሰማ ሰው ብቻ ነው።