ሳንጽፍ ያደርንበት ሌሊት

እኛ ማታ ማታ የምንማማር ስድስት ሰዎች ነን። አምና በእርዳታ ከመጣ ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ የሲስኮ ራውተር አገኘን፤ ከጀርባው የአይ.ኤስ.ዲ.ኤን. መሰኪያ አለው። ይኸውም በተራው የስልክ ሽቦ ድምፅንና መረጃን በዲጂታል መልክ የሚያሳልፍ ዘዴ ነው። ሁለት የ64 ኪሎቢት መንገዶችና አንድ የ16 ኪሎቢት የመጥሪያ መንገድ ነበሩት። በእንግሊዝ አገር አዲስ መሥመር መሸጥ የቆመው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን «የሞተ ነገር ለምን ትማራላችሁ?» እያሉ ሳቁብን። እኛም መልስ አልነበረንም።

አዲስ ራውተር አድራሻ ስለሌለው በኔትወርክ አይገኝም፤ አጠገቡ ተቀምጦ በኮንሶል ገመድ ማናገር ነው። መጀመሪያ የኮምፒዩተራችንን ፍጥነት 115200 ብናደርገው ስክሪኑን የማይነበብ ምልክት ሞላው። ወደ 9600፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ቢት ስንመልሰው «ራውተር» ብሎ ስሙን ጻፈልን። እልል አልን። ከዚያ የስልክ ማዞሪያውን ዓይነት፣ አድራሻውንና የሚደውልበትን ቁጥር አንድ በአንድ አስገባን። መሥመር ስለሌለን «ዲአክቲቬትድ» ቢለንም ቅር አላለንም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀነሬተሩ ጠፋ። በማግስቱ ብንከፍተው ምንም አያውቀንም። ለካስ ያስገባነው ሁሉ የተቀመጠው መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ማስታወሻ ላይ ነበር። «ራይት ሜሞሪ» ብለን ወደማይጠፋው ማስታወሻ አልጻፍነውም። አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ ተባባልን፤ በመጨረሻም ጥፋቱን በታናሻችን ላይ ጣልንባት። አለቀሰች። ይህን ስንጽፍ አሁንም እናፍራለን።

ሁለት ወር ቆይቶ የንባብ ቤቱ ኢንተርኔት መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ እንደተዘጋ ቀረ። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ሦስት ቀን የሆናቸው እናቶች ነበሩ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮውን በኢሜይል ይጠብቅ ነበር። ባለሙያ የሚመጣው በሳምንቱ ነው ተባለ። ታናሻችን ማንንም ሳታማክር ገመዷን ይዛ ሄደች። በ9600 ከፈተችው፤ ራውተሩ ባዶ ነው። ያስተካከለው ሰው እንደኛው ሳይጽፍ ነበር የሄደው። ደግነቱ የቤቱ ኀላፊ ቁጥሮቹን ሁሉ በደብተር ይዞ ነበር። እሱ እያነበበላት አስገባች፤ አስቀድማ «ራይት ሜሞሪ» አለች፤ ከዚያ ለማረጋገጥ ራሷ አጥፍታ አበራችው። ሠራ። የጎረቤታችን ቀጠሮ ለካስ ለማግስቱ ጧት ኖሯል።

መሥመሩ ሞቷል፤ ገመዱና ትእዛዙ ግን ያው ነው። እኛም ይቅርታ ጠየቅናት፤ አሁን አስተማሪያችን እሷ ናት። አሮጌው ራውተር ዛሬም ጠረጴዛችን ላይ አለ። መማር የምትሹ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ብቅ በሉ። ብቻ ስትጨርሱ፣ አደራ፣ ሳትጽፉ እንዳትነሡ።