የጳጉሜን ቀለም ከኮልፌ

ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት በሚወስደው የቀለበት መንገድ መጥታችሁ 18 ማዞሪያ ላይ ስትወርዱ ኮልፌ ቀድማ የምትቀበላችሁ በድምፅ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ የጫኝና አውራጅ ጩኸት፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። ጳጉሜን ሲገባ ግን ቀለሙ ይበረታል። በስተምዕራብ የወጨጫ ተራራ ከደመናው ውስጥ ይወጣል፣ በየአጥሩ ሥር አደይ ብቅ ይላል፣ በየመንገዱ ዳር ደግሞ ደብተር፣ እርሳስና ባለ 12 የውሃ ቀለም ሳጥን በሸራ ላይ ይዘረጋል።

የውጭ ሰው ኮልፌን ካነሳ የሚያነሳት ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና ስለወሰዱባት ነው። እኔን ዘንድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ያመላለሰኝ ግን አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ የአክስቴ የልጅ ልጅ።

የእንቁጣጣሽን ወግ ታውቁታላችሁ። ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ መልአክ፣ ፀሐይና አበባ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው በር ያንኳኳሉ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና አሠራራቸው ሁልጊዜ ያስቀናኛል። ዋጋ አይጠሩም፤ ሥዕሉን በእጃችሁ አስይዘው ዝም ብለው ይቆማሉ። እንደዚያ ተቀብሎ ባዶ እጁን በሩን የሚዘጋ ሰው አላየሁም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ብዙዎቹ ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ ወይም የታተሙ ናቸው። ልጁ የሚጨምርበት ቀለም ብቻ ነው፤ አንዳንዴም እሱም የለም።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ችግር ሌላ ነበር። ከአክስቴ ጋር ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሦስት ጎረቤቶች ሰፈሩን ለቀው ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዷ የካ አባዶ። ልጁ ሥዕሉን ቀድሞ የሚያደርሰው ለእነሱ ነበር። «ዘንድሮም እወስድላቸዋለሁ» አለ። መልአክ አልፈለገም፤ የድሮውን መንደር ነው የፈለገው፣ ቆርቆሮውን፣ አጥሩን፣ በሮቹን።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም መሣል ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ስለዚህ ኮላጅ መረጥን። ወረቀቱን መጀመሪያ በቀለም ማስዋብ፣ ከዚያ እየቆረጡ መለጠፍ። የኮላጅ ጥቅሙ ቀለሙ የተበላሸበት ወረቀት እንኳ አለመጣሉ ነው። ካማረው ጥግ ላይ አንድ ቅጠል ወይም አንድ መስኮት ይወጣል።

ቆርቆሮውን ያገኘነው በጨው ነው። ቡናማና ብርቱካናማ ቀለም በብዙ ውሃ በጥብጠን ወረቀቱን አለበስነው። ውሃው መንሳፈፉን አቁሞ ወረቀቱ ገና እያብረቀረቀ ሳለ የወጥ ጨው በተንንበት። ጨው ውሃውን ከነቀለሙ ወደ ራሱ ስለሚስብ በየፍሬው ዙሪያ ነጣ ያለ ኮከብ መሳይ ነጠብጣብ ይቀራል። ደርቆ ጨው ሲራገፍ ከፊታችን የነበረው የኮልፌ ጣሪያ ነው፣ ከነዝገቱ። ፍሬው ሻካራ ሲሆን ነጠብጣቡም ይተልቃል። ቀለሙ በጣም ርጥብ ከሆነ ግን ጨው ሟሙቶ ይቀራል፤ ሰዓቱን የሚያስተምራችሁ ዓይናችሁ ብቻ ነው።

ለባሕር ዛፉ ፌስታል በቃን። ርጥብ አረንጓዴ ላይ የተጨማደደ ፌስታል ጭነን አሳደርነው። በጳጉሜን አየር ቶሎ አይደርቅምና አትቸኩሉ። ጠዋት ሲነሳ እጥፋቱ ሁሉ የቅጠል ሥር ሆኖ ነበር። ለአክስቴ የቀሚስ ጥለት ደግሞ በነጭ ሻማ መስመር አሰምረን ቀለም ቀባንበት፤ ሰሙ ውሃ ስለማያስገባ መስመሩ ነጭ ሆኖ ቀረ።

የጭቃው ግድግዳ ቀለም ከሳጥኑ አልተገኘም። አክስቴ የምናደርገውን እያየች ስትስቅ ቆይታ ከጀበናው ቀዳችልን። አቦሉ ጠቆር፣ ቶናው መካከለኛ፣ በረካው ፈዘዝ ያለ ቡናማ፤ ሦስት ግድግዳ ከአንድ ጀበና። ከገዛሁት ቀለም ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልበል። ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ውሃ ሲነካው ይንጨፈረራል። ለውሃ ቀለም የሚመከረው 300 ግራሙ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። አንድ ወረቀት ገዝታችሁ አራት ቦታ ቁረጡት። ጠርዙን ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ጠረጴዛ ላይ ብታጣብቁት ሲደርቅ ይወጠራል። ለመደቡ የጫማ ካርቶን ይበቃል።

አደዩን ለመጨረሻ አቆየነው። ወረቀቱን በንጹህ ውሃ ብቻ አርሰን ቢጫ ስናሳርፍበት ቀለሙ ራሱ ተስፋፋ፤ መሐሉ ላይ ጠብ ያልናት ብርቱካናማም ቀስ ብላ ወደ ዳር ሄደች። ከደረቀ በኋላ ልጁ አበባዎቹን ቆረጠና ኮላውን መሐላቸው ላይ ብቻ አደረገ። ዳር ዳሩ ስላልተጣበቀ ቅጠሎቹ ከካርዱ ቀና ብለዋል፤ በጣት ሲነኩ ይንቀሳቀሳሉ።

ሦስቱ ካርዶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በእያንዳንዱ መሐል ያለው በር የተቀባዩዋ ነው። የቱሉ ዲምቱዋ ሴት በር ሰማያዊ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የየትኛው ሰማያዊ እንደነበር ግን ክርክር ሆነ። ልጁ ከሳጥኑ ሁለቱን ሰማያዊ ቀላቀለ፣ አክስቴ «ደመቀ» አለች፣ ትንሽ በረካ ጨመረበት። «አሁን እሱ ነው» አለች።

ካርዶቹ በወፍራም መጽሐፍ ሥር እየተጫኑ ሳለ አክስቴ ስልኳን አንስታ ለሦስቱም ደወለች። የሕንጻና የቤት ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ስትጠይቅ ልጁ በደብተሩ ይጽፍ ነበር። ለምን እንደፈለገችው አልነገረቻቸውም። የየካ አባዶዋ ብቻ ጠረጠሩ መሰለኝ፣ «ቡና ላፍላ እንዴ?» ሲሉ ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ተሰማን።