የጋቢናው በር

አዲስ አበባ ኖሮ፣ ከላዳ ታክሲ ሲወርድ በሩን ጠንከር አድርጎ በመዝጋቱ ያልተቆጡት ሰው ያለ አይመስለኝም። «ኧረ ቀስ! ብረት እኮ ነው፣ ይሰበራል!» ይላል ሹፌሩ። እኔ የዚያ ቁጣ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ እማዬ እንኳ «አለህ ወይስ የለህም?» የምትለው ሰው፣ የመኪናዋ በር ጓ ሲል ግን ሰፈሩን ያናጋው ነበር።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ወደ እንጦጦ ከሚወስደው ዳገት ሥር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ማለዳ ማለዳ ግቢው የባሕር ዛፍ ጭስ ጭስ ይላል፤ ከጎረቤት የሸማኔው መወርወሪያ ሲመላለስ ይሰማል። በዚያ ሁሉ ሽታ መሃል የአባዬ ላዳ የራሷ ሽታ ነበራት፦ ቤንዚን፣ ፀሐይ የመታው የወንበር ላስቲክ፣ በዝናብ ቀን ደግሞ የተሳፋሪ እርጥብ ጋቢ። ዛሬም ዝናብ የነካው ጋቢ ሲሸተኝ የአባዬ ጀርባ ይታየኛል።

ሥራውን የጀመረው በሰይቼንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1964 የተሠራችው ያቺ ሚጢጢ ፊያት የበሯ ማጠፊያ ከኋላ በኩል ነው፤ «ደረቷን ከፍታ ነበር የምትቀበልህ» እያለ ያነሳታል። ላዳም ብትሆን ከዚያው ዘር ናት። ሶቪየቶች የፊያት 124ን አሠራር ከጣሊያኖቹ ወስደው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ውስጥ ያመርቷት ገቡ፤ ለሻካራው መንገዳቸው እንድትሆን ከመሬት ከፍ፣ ላሜራዋን ወፈር አደረጓት። ለእኛም ዳገት በጀች። በሯ ግን ከባድ ነው፤ ከባድ በር ደግሞ ማጠፊያው ሲደክም ያሳብቃል።

የጋቢናው በር ቀስ በቀስ ነው የወደቀው። መጀመሪያ በበሩና በጣሪያው መሃል ያለው ክፍተት በቁልፉ በኩል ሰፋ። ቀጥሎ የጎኗ መስመር ከኋላው በር መስመር ጋር አልገጥም አለ። ክረምት ሲገባ የተሳፋሪው ጉልበት ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። በመጨረሻ በሩን ሽቅብ አንስተው ካልገፉት የማይዘጋ ሆነ። ሰው ይህን አያውቅም፤ አልዘጋ ሲለው አጥብቆ ይወረውረዋል፣ አባዬም ይጮሃል። አንድ ጋራዥ ወስዶት ነበር። በዚያው ቀን «ተሠራ» ተብሎ ተመለሰ፤ እውነትም ለጥቂት ጊዜ ዘጋ፣ ከዚያ ባሰበት።

እንግዲህ 1983 ዓ.ም. ደረሰ። ግንቦት 13 ቀን ሬድዮው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው መውጣታቸውን ተናገረ፤ ከተማው ልቡ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ ገባ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ቤንዚንም ተሳፋሪም ጠፋና ላዳዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። አባዬ ሥራ ሲፈታ አያስቀምጥም፤ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ደህናውን ወንበር ይፈታል። እማዬ መረራትና «እኛን ከምታምሰን ያንን በርህን ለምን አታሠራም?» አለችው።

ከአጥራችን ማዶ አንድ ባትላሜራ ይኖሩ ነበር። በልጅነታቸው ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብተው የተማሩ፣ አጭር፣ ጣታቸው ወፋፍራም ሰው። እኛ ልጆች ጋሼ ባትላሜራ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም በዚያው ልጥራቸው። መንገድ መውጣቱ ስለሚያስፈራ የመሣሪያ ሣጥናቸውን እየጎተቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መጡ።

መሣሪያ ግን አላወጡም። በሩን እኩል ድረስ ከፈቱና «ነይ እስቲ አንቺ» አሉኝ። «ጫፉን ይዘሽ ሽቅብ አንሺው፣ ልቀቂው፣ አንሺው።» እኔ ሳነሳ ሳወርድ እሳቸው አውራ ጣታቸውን በታችኛው ማጠፊያ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ በላይኛው ላይ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። «አሁን አንቺ ንኪው» አሉና ቦታ ቀየርን። ማጠፊያው ምሰሶው ላይ ተጣብቆ ቆሟል፤ ውስጡ ያለው ፔርኖ ግን ጣቴ ሥር ይንቀሳቀሳል።

«ይኼ በር ወርውረውት አልወደቀም» አሉ ወደ አባዬ ዞረው። «ቢወረወር ቁልፉ ነበር የሚጎዳው። ይኼን ሰው እየተደገፈ ነው የጣለው። ሰው ሲንጠለጠልበት ላይኛው ማጠፊያ ነው የሚሳበው፤ እሱ ነው የተበላው።»

አባዬ ዝም አለ። እኔም በልጅ አእምሮዬ ማን ይደገፍ እንደነበር ወዲያው ገባኝ። ጋቢና በእኛ መኪና የሽማግሌና የሕመምተኛ ቦታ ነው። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወጡት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሄዱት፣ ምጥ የያዛቸው ሴቶች፣ ሁሉም እዚያ ነበር የሚቀመጡት። ዳገት ላይ ቆመው ሲወርዱ አንድ እጃቸውን አባዬ ይይዛል፣ በሌላኛው የበሩን ጫፍ ጨብጠው ሙሉ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። ወርዋሪውን ሁሉ ሲቆጣ የኖረው ሰው፣ ለተደጋፊው አንድም ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

«ምን ይደረግ» አለ በመጨረሻ፤ «ሰዎቹ የሚይዙት ሌላ ነገር የላቸውም።»

ጋሼ ባትላሜራ የቁልፉን መያዣ ሲያዩ ግን ሳቃቸው መጣ። ያ ጋራዥ ማጠፊያውን ሳይነካ፣ ምሰሶው ላይ ያለውን መያዣ ፈትቶ ወደ ወደቀው በር ዝቅ አድርጎት ኖሯል። «በሩን ማንሳት አቃተውና ቤቱን ወደ በሩ አወረደው!» አሉ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይኼ ነው፤ እሱ ያበላሻል፣ ሰዉ ይወረውራል።» ሬድዮው መስኮቱ ላይ ያለማቋረጥ መግለጫ ያነባል፤ እሳቸው እቴ፣ ጆሯቸው ብረቱ ላይ ነው።

የማጠፊያው ብሎኖች ዝገው አንፈታ አሉ። ላምባ አምጡ ተባለ፤ እማዬ የቡታጋዟን ላምባ እያጉረመረመች ሰጠች። ብሎኖቹን አርሰው ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ተክለው ጀርባውን በመዶሻ እየመቱ ያዞሩ ጀመር። ከመፍታታቸው በፊት ግን የማጠፊያውን ዙሪያ በጠመኔ አሠመሩ፤ የት እንደነበር ካላወቅሽ የት እንደምትመልሺው አታውቂም አሉኝ። በሩ ወርዶ ጆንያ ላይ ተጋደመ።

የውስጥ ልባሱ ሲነሳ ከሥር ያሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል፤ በሩ ውሃና አፈር ቋጥሮ ነበር የሚውለው። ከጭቃው ጋር በመስኮቱ ስንጥቅ የገባ ስንቱ ነገር ወጣ፦ ሽልንጎች፣ ስሙኒ፣ የፀጉር መርፌ፣ ጽሑፉ የጠፋ የሎተሪ ትኬት፣ ክሩ የበሰበሰ ትንሽ የእንጨት መስቀል። አባዬ መስቀሉን በሸሚዙ ጠርጎ ኪሱ ከተተው። የማን እንደሆነ የገመተ ይመስለኛል፣ አልጠየቅሁትም።

ቶርኖ ቤት ሁሉ ዝግ ስለነበር ጋሼ ከሣጥናቸው የአሮጌ ሞተሪኖ ቡሽ መርጠው በሞረድ ይከረክሙት ገቡ። ይሞርዳሉ፣ ይለካሉ፣ እንደገና ይሞርዳሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡሹ ልኩን አገኘና በግራሶ ተቀብቶ ገባ።

ስንሰቅለው በሩን እኔና አባዬ ከሥር ተሸከምን፤ ክሪኩ ላይ ጨርቅ የተጠመጠመበት እንጨት ተደርጎ ከታች ደገፈው። ጋሼ ብሎኖቹን ያዝ አደረጓቸው እንጂ አላጠበቁም። የቁልፉንም መያዣ ጭራሽ አውልቀውት ነበር፤ በሩ ማንም ሳይጠራው ራሱ የት እንደሚያርፍ ማየት ፈለጉ። ቀስ አድርገው ገጠሙት፣ ከኋላው በር ጋር አስተያዩት፣ «ቅንጣት ታህል ወደ ላይ» አሉ። ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ከበሩ ሆድ ከወጡት ሽልንጎች ሁለቱን ደርበው በክፍተቱ ዙሪያ አሳለፉ፤ ከላይም ከጎንም እኩል ሲያልፉላቸው ብሎኖቹን ጥርሳቸውን ነክሰው አጠበቁ። መያዣው መጨረሻ ነው የገባው፤ በሩ ወዳለበት ተስተካክሎ። አባዬ በሁለት ጣቱ ገፋው። ጠቅ አለ። ያለ ድንፋታ የዘጋ ላዳ ያኔ ነው ያየሁት።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። «ተደጋፊው እንደሆነ አይቀርልህም» አሉና፣ ምሰሶው ላይ ሰው የሚይዘው ወፍራም የቆዳ ማንጠልጠያ በብሎን አሰሩለት። ክብደቱ በሩን ትቶ ምሰሶው ላይ እንዲያርፍ ነው። ለድካማቸው ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ እማዬ ቡና አፈላች፤ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ጠጥተው በቀዳዳቸው ተመለሱ።

መንገዱ ተረጋግቶ ሥራ ሲጀመር ከአባዬ ጋር ነበርኩ። ጋቢና የተቀመጡት ሰፈራችን የሚያውቃቸው አሮጊት ናቸው። ዳገቱ ላይ ደረስን፣ አባዬ ወርዶ ከፈተላቸውና «እማማ፣ ይችን ቆዳ ይያዙ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው ያሠራኋት» አላቸው። ቆዳዋን አገላብጠው አዩዋት። «የበሬ ቆዳ ናት? ጎሽ፣ ታምራለች» አሉ። ከዚያ የበሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንደ ልማዳቸው ተንጠልጥለውበት ወረዱ፣ መርቀውም ሄዱ።

አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። «ግድ የለም» አለኝ፤ «ባትላሜራው ጎረቤታችን ነው።»