ፊቴን ተወው፣ እጄን አንሳ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ቁርስ አልበላም። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ እስከ መርካቶ በእግሬ እሄዳለሁ። ቁርሴን መንገድ ላይ አገኛለሁ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶ አንሺ ነኝ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ከታክሲ መስኮት የማየው አዲስ አበባና በእግሬ የማየው አዲስ አበባ አንድ አይደሉም።

በማለዳ መነሣት ግድ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፤ ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሰው ዓይን በግንባሩ ጥላ ተሸፍኖ አይታይም። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ከጀበና የሚወጣው እንፋሎት እንኳ ይታያል። (በቤተ መንግሥቱ በኩል ሳልፍ ስልኬን ከኪሴ አላወጣም። ለምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።)

የራስ መኮንንን ድልድይ ከተሻገርኩ በኋላ ሽታው ይጀምራል። ምስር የገባበት ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርጥብ፤ ዳቦው ተሰንጥቆ ድንች ይገባበታል፣ ዳጣ ይጨመርበታል፣ በወረቀት ይጠቀለላል። ተማሪ ሳለሁ ምሳዬም እራቴም እርሱ ነበር። በሹካና በቢላ የሚያቀርቡት ቤቶች አሉ፤ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያ እርጥብ አይደለም። በሁዳዴ ወቅት ደግሞ ከየምግብ ቤቱ በር ላይ የሽሮና የስልጆ ሽታ ይቀበለኛል። እኔ በዚያ የቀን መቁጠሪያ የምጾም ሰው ባልሆንም ያንን ወቅት እናፍቀዋለሁ።

ፒያሳ ዛሬም አራዳ ይባላል። የከተማው ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ አዛውረውት መርካቶ ተባለ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የምከተለው ገበያው የሄደበትን አቅጣጫ ነው።

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ፓስቲ የሚጠብሱ አንዲት እናት ነበሩ። ሊጡን በመዳፋቸው ዘርግተው ዘይቱ ውስጥ ሲለቁት ጣታቸው ከዘይቱ የሚርቀው በአንድ ስንዝር እንኳ አልነበረም። ፎቶ ላንሳዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳልጠይቅ የሰው ፊት አላነሳም። አንዳንዶች ሳይታወቅ የተነሣ ፎቶ ነው እውነተኛው ይላሉ፤ ፎቶው እውነተኛ ይሆን ይሆናል፣ ሰውየው ግን እምቢ የማለት ዕድል አላገኘም። እርሳቸውም ሣቁና «ልጄ፣ ፊቴን ተወው፣ እጄን አንሳ» አሉኝ። እጃቸውን አነሣሁ። ከኋላ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ቧንቧና ሁለት ጀሪካን ገብተዋል።

ያን ጠዋት ፓስቲዬን በሻይ እየበላሁ የኤማሁስን መንገደኞች አሰብኩ። መንገዱን ሁሉ አብሯቸው ሲሄድ ፊቱን እያዩ አላወቁትም። ያወቁት ማዕድ ላይ፣ እንጀራውን ሲቆርስ ነው። ብዙ ጊዜ ሰምቼው የማውቀው ታሪክ ነው፤ ስለ እጅ እያሰብኩ ግን አንብቤው አላውቅም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ስለ ልማቱ የሚከራከሩ አሉ፣ ይከራከሩ፤ አሁን እዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ለመራመድም ይመቻል። እኔ ግን የምፈልገው ሰው አልነበረም። ፎቶውን አሳጥቤ ለሁለት ወር ያህል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ስማቸውን አላውቅ፣ ስልካቸው የለኝ። በመጨረሻ ድሮ አጠገባቸው ጫማ ይጠርግ የነበረ ልጅ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ጠቆመኝና በሁለት አውቶቡስ ሄድኩ።

ፎቶውን ሲቀበሉ እጃቸውን ከምንም አልቆጠሩትም። ዓይናቸው ከኋላ ያለው በር ላይ ቀረ። በሩ የማን እንደነበረ፣ ሠላሳ ዓመት ቡና ሲጠራሩ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚጣሩ፣ አንደኛው ጀሪካን የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ እንደሆነ ነገሩኝ። ጎረቤቲቱ ሌላ ሳይት ደርሷቸዋል፤ ከተለያዩ ወዲህ የተገናኙት አንዴ፣ ለቅሶ ላይ ነው። «በሩ ብቻውን የሚታይበት የለህም?» አሉኝ። ስልኬን ከፍቼ አብረን ስንፈልግ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። የበሩ ግማሽ የሚታይበት አንድ ተገኘ፤ ለጎረቤታቸውም ጨምሬ በሁለት ኮፒ ላሳጥበው ቃል ገባሁ።

ፓስቲውን አልተዉትም። ግን እዚያ ሰዉ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ለመያዝ ስለሚወጣ ዘይቱ ሳይግል ገበያው ያልቃል። ስለዚህ አሁን የሚጠብሱት ማታ፣ ሰዉ ከሥራ ሲመለስ፣ ከብሎኩ ሥር ነው። የደረጃው አምፖል አይበራም ነበርና ፎቶ አላነሣሁም። ሁለት በላሁ፣ ለልጆቼ አራት አስጠቀለልኩ፤ የአንዱን ሂሳብ እምቢ ብለው መለሱልኝ።