ሰንጢው ለማን እጅ ተሠራ?

ግራኝ ሰው ሰንጢ ሲከፍት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያሳቅቅ ነገር ነው። እጀታውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያገላብጠዋል፣ ጥፍሩ ይንሸራተታል፣ ስለቱ እስከ ግማሽ ይወጣና ጠቅ ብሎ ተመልሶ ይዘጋል። አጠገቡ ያለው ሰው ትዕግሥቱ ያልቅና "ወዲህ በል፣ እኔ ልክፈትልህ" ይለዋል። ግራኙም ይሰጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰጥ ነው የኖረው። መቀሱንም፣ የቆርቆሮ መክፈቻውንም።

ችግሩ ግን እጁ ላይ አይደለም። መሳቢያ ውስጥ የቆየ ሰንጢ ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱት። በስለቱ ጀርባ በኩል ጥፍር የሚገባበት ቀጭን ጭረት አለ። በአብዛኞቹ ላይ ጭረቱ ያለው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። ያ ጎን ደግሞ እጀታውን በግራ እጁ ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ ለሚስብ ሰው የተመረጠ ነው። ግራኙ እጆቹን ሲያቀያይር ጭረቱ በማዶ በኩል ይቀርበታል። በሌባ ጣቱ ጥፍር እየዳበሰ መፈለግ አለበት፤ ወይም እጀታውን ገልብጦ መያዝ። እኛ "እጁ አይታዘዝለትም" የምንለው ይኼንን ነው።

ከ100 ሰው 10 ገደማው ግራኝ ነው። ጥቂት ሕዝብ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ 50 ተማሪ ቢኖር አምስቱ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ከአምስቱ ሁለት ሦስቱ ገና ፊደል ሲቆጥሩ ተቆንጥጠው ወደ ቀኝ የዞሩ ቢሆኑም።

የመክፈቻው ነገር ቢያሳፍር ነው እንጂ አይገድልም። ከባዱ መቆለፊያው ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። ዛሬ የራሱን ሥራ ይዞ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። በተለማማጅነቱ ዘመን የሽቦ ልባስ የሚልጠው አለቃው ባዋሰው ሰንጢ ነበር። አንድ ቀን ወፍራም ገመድ እየላጠ እጁን ጠምዘዝ ሲያደርግ ሰንጢው ተዘጋና ሌባ ጣቱን አገኘው።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ጋሼ፣ ሰንጢው ተዘጋብኝ።"

"ሰንጢ በራሱ አይዘጋም። በቀኝህ ብትይዘው ኖሮ አይዘጋም ነበር።"

አለቃው የተናገረው ለቁጣ ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሳያውቀው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ያ ሰንጢ ላይነር ሎክ የሚባለው ዓይነት ነበር። በእጀታው ውስጥ እንደ ምላስ ያለ ቀጭን ብረት አለ። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ምላሱ ወደ መሐል ይወረወርና ከስለቱ ግርጌ ስር ይደገፋል፤ ስለቱን እንዳይዘጋ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ለመዝጋት ምላሱ ወደ ጎን ይገፋል። የሚገፋበት አቅጣጫ ለቀኝ አውራ ጣት የታሰበ ነው። በግራ እጅ ሲያዝ አውራ ጣት በተቃራኒው በኩል ይውልና ምላሱን ወደ ራሱ መሳብ ይኖርበታል፤ አይመችም። ስለዚህ ብዙ ግራኞች በሌባ ጣት መግፋት ይለምዳሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም በጣም ይቀናቸዋል። ጭንቁ የሚመጣው በሥራ መሐል፣ እጅ አጥብቆ ይዞ ሲጠመዝዝ ነው። የጣት ሥጋ ሳይታሰብ ያንኑ ምላስ ሊገፋው ይችላል፤ በተለይ ሰንጢው ርካሽ ሆኖ ምላሱ በደንብ የማይገጥም ከሆነ።

ልጁ ከዚያ በኋላ የአለቃውን ምክር ሰምቶ ወደ አንድ ዓመት ገደማ በቀኝ እጁ ሠራ። በዚያ ዓመት የተቆረጠው ከበፊቱ ይበልጣል። ስለት በማይተማመኑበት እጅ አይያዝም።

ታዲያ ግራኝ ምን ይግዛ? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው "ለግራኝ የተሠራውን" ብሎ ነው። እንዲህ ያለ አለ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል የታወቀችውን 8 ቁጥር ሰንጢውን ጭረቱን ወደ ሌላው ጎን አዙሮ ለግራኞች አውጥቷል። ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ሪቭ ባቋቋመው ድርጅት የሚሠራው ሰቤንዛም የግራ እጅ ዓይነት አለው፤ ዋጋው ግን የወር ደመወዝ የሚያስረሳ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ሰንጢ ሲጠፋ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ቤት ውስጥ ሚስት ወይም ወንድም ሲያነሳው ደግሞ በተራው እሱ ይቸገርበታል። ትንሽ የበቀል ደስታ ቢኖረውም መፍትሔ አይደለም።

የሚሻለው ግራም ቀኝም የማያውቀው ሰንጢ ነው። ይኼ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በእጀታው ጀርባ ላይ፣ ልክ መሐል ለመሐል ተጭነው የሚዘጉትን ውሰዱ። የአሜሪካው በክ ኩባንያ 110 የተባለውን ሰንጢውን በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ለግራኝ አስቦ አልነበረም፤ ግን መቆለፊያው መሐል ላይ በመሆኑ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። ኦፒኔል ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በ1955 ደግሞ በእጀታው አንገት ላይ የምትዞር ቀለበት ተጨመረችበት። ቀለበቷ ስትዞር ስለቱ ይቆለፋል፣ ስትመለስ ይፈታል፤ የትኛው እጅ እንዳዞራት ግድ አይሰጣትም። ስፓይደርኮ በ1981 ስለቱን በክብ ቀዳዳ በስቶ አመጣ። ቀዳዳ ከዚህም ከዚያም ቀዳዳ ስለሆነ የትኛውም አውራ ጣት ይገባበታል። ቤንችሜድ በ1998 ያስተዋወቀው አክሲስ የሚባለው መቆለፊያ ደግሞ ከእጀታው በሁለቱም በኩል ብቅ የምትል ዘንግ አለችው። እነዚህን ሁሉ የሚሠሩ ሰዎች ግራኝን ለማስደሰት አልተነሱም ይሆናል። የጠቀሙት ግን እሱን ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው የኪሱ ጉዳይ ነው። ዘመናዊ ሰንጢ ኪስ ላይ የሚሰካበት ክሊፕ አለው፤ ክሊፑም የተገጠመው ለቀኝ ኪስ ነው። በቀኝ ኪስ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ሲሰካ የስለቱ ጀርባ ከኪሱ ስፌት ጋር ይገናኛል፤ ስፌቱ ስለቱ እንዳይከፈት ይደግፈዋል። ያንኑ ሰንጢ ግራኙ በግራ ኪሱ ሲሰካው ፊቱ ይዞራል። ጀርባው ወደ ኪሱ ክፍት ቦታ ይሆናል፤ የሚደግፈው የለም። ስለቱ ትንሽ ገለጥ ቢል ሳንቲም ፍለጋ የገባ እጅ ጫፉን ያገኘዋል። ክሊፑ ተፈትቶ በሌላው ጎን የሚታሰርበት ብሎን ቀዳዳ ከሌለው ያ ሰንጢ ለግራኝ አይሆንም፤ የፈለገው ያህል ቢያምር።

ስለት ከየት እንደሚመዘዝ ማሰብ የቆየ ጉዳይ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ግራኙ ናዖድ ወደ ሞዓብ ንጉሥ ሲገባ ሁለት አፍ ያለውን ሰይፍ የታጠቀው በልብሱ ስር፣ በቀኝ ጭኑ ላይ ነበር። በግራ እጁ ስለሚመዘው ነዋ! ቀኝ እጅ የለመደ ሰው በዚያ በኩል ሰይፍ አይጠብቅም። በእኛም አገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ የሚጠሩት በግራ እጃቸው ነው። እጅ የሰው ስም ሊሆን የሚችል ትልቅ ነገር ነበር ማለት ነው።

አማርኛችን ራሱ ለግራኝ አያዝንም። ግራ ገባኝ፣ ግራ ተጋባሁ እንላለን። ጠዋት ከቤት ሲወጣ "በቀኝ አውለኝ" ብሎ የሚጸልይ ግራኝ ስንት አለ! ማዕድ ላይ ግራ እጁን ያወጣ ልጅ አሁንም ይገሠጻል። ግን ቁርጥ ቤት ግቡና ተመልከቱ። ቀኙ ቢላውን በቀኝ እጁ ይይዛል፤ ሥጋውን ወደ አፉ የሚወስደው ግራው ነው። ማንም አይገሥጸውም። በሥርዓቱ መሠረት በቀኙ የሚጎርሰው ቢላውን በግራው የያዘው ግራኙ ሆኖ ሳለ፣ የሚታየውም እሱ ነው።

ወደ ግዢው ስንመለስ፣ መርካቶም ሆነ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ሰንጢው እጅ ላይ ሳይገባ ገንዘብ ባይወጣ ጥሩ ነው። ሻጩ "ትገዛለህ ወይስ ትጫወታለህ?" ማለቱ አይቀርም። ሰንጢ የሚያገላብጥ ሰው ዱርዬ ስለሚመስል ጥርጣሬውም አይፈረድበትም። ቢሆንም አሥር ጊዜ መክፈት፣ አሥር ጊዜ መዝጋት ነው፤ በግራ እጅ ብቻ፣ ሳያዩ። አብዛኛው ሰው የሚፈትነው አከፋፈቱን ብቻ ነው፤ መዝጋቱ ላይ ግን የበለጠ መቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ አጥብቆ ጨብጦ፣ ስለቱን እንጨት ላይ ደገፍ አድርጎ እጅን መጠምዘዝ። ምላሱ ከነቃነቀ መመለስ ነው።

ስለቱ ሲደንዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሚስለው ሰው ቀኝ ከሆነ አንዱን ጎን ከሌላው አብልጦ ሊሞርደው ይችላል፤ ያኔ ግራኙ ዳቦ ሲቆርጥ ቢላው ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ጠማማ ቁራሽ ያወጣል። ስለዚህ ሰንጢውን ሲሰጡ "በግራ ነው የምቆርጠው፣ ሁለቱን ጎን እኩል አድርግልኝ" ማለት ይበቃል።