ውሃው ኩል መስሏል፤ ዓሣዎቹ ግን እየሞቱ ነው

አባት ለልጁ ልደት አኳሪየም ገዛ። በዕለቱ ውሃ ሞላው፤ በዕለቱ 6 ወርቃማ ዓሣ ጨመረበት። በ4ኛው ቀን ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ጀመሩ።

«አባዬ፣ ርቧቸው ነው» አለች ልጅቷ፤ ምግብ በተነችላቸው።

አልራባቸውም፤ እየታፈኑ ነበር። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ቀለም የለውም፤ ኩል በመሰለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስንጥብ ያቃጥላል። በቆየ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ከዚያ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ገና አልተራቡም። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ሻጩ ይህን አልነገረውም። ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሲደወልለት ግን «መድኃኒት አለኝ» አለ።

አባትየው የሚያውቀውን አደረገ፤ ጽዳት። ውሃውን በሙሉ ደፋ፤ የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ፈትጎ አጠበ። ለሰው ጤና ተብሎ የሚጨመረው ክሎሪን ገና መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ፈጀ። በዚያ ሌሊት 3 ዓሣ ሞተ።

የቀሩትን ያቆያቸው መድኃኒቱ አይደለም። ምግቡ ተቀነሰ። በየቀኑ ከውሃው ሩቡ ብቻ እየተቀዳ፣ ክሎሪኑ እንዲተን በባልዲ ተከፍቶ ባደረ ውሃ ተተካ። ስፖንጁን የነካው የለም።

ልጅቷ አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ገንዳው አጠገብ ቆማ ትቆጥራለች። እስከ ዛሬ 3 ናቸው።